ገጽ 40 ላይ የሚቆም ስክሪፕት፦ ጀማሪ የፊልም ደራሲ የታሪክ አወቃቀርን እንዴት ይማር?

ጥያቄ፦ «የፊልም ድርሰት መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ታሪክ አወቃቀር ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ ማብራሪያም አይቻለሁ። አንዱ ሦስት ገቢር ይላል፤ ሌላው 15 ነጥቦች ያስቀምጣል፤ ሌላው ደግሞ የጀግናው ጉዞ 12 ደረጃ አለው ይላል። ሦስት ሙሉ ፊልም ጀምሬ ሦስቱም ገጽ 40 አካባቢ ቆመውብኛል። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደተባለው ገጽ 25 ላይ አውየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የምጽፈው ይጠፋኛል። የትኛውን አወቃቀር ባጠና ይሻለኛል? ወይስ ችግሩ ተሰጥኦ ማጣት ነው?»

ምላሽ፦ ችግሩ ተሰጥኦ ማጣት አይደለም፤ አራተኛ ዓይነት አወቃቀር ቢያጠኑም አይፈታም። ገጽ 40 ላይ የሚቆም ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ከገጽ 25 በፊት ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አዲስነታቸው ይሸከማቸዋል፤ ሰው እናስተዋውቃለን፣ ቦታ እናሳያለን፣ አንድ ያልታሰበ ነገር ይከሰታል። ቀጥለው የሚመጡትን አሥር አሥራ አምስት ገጾች የዚያ ክስተት ግፊት ይገፋቸዋል። ግፊቱ ሲያልቅ ታሪኩን የሚጎትተው የዋናው ገጸ ባሕርይ ፍላጎት ብቻ ይሆናል። ያ ፍላጎት አስቀድሞ ካልተተከለ፣ ወይም ተተክሎ የሚቋቋመው ኃይል ከሌለ፣ ደራሲው ልክ እርስዎ በጠቀሱት ቦታ ላይ የሚጽፈው ያጣል።

ሦስቱ አወቃቀሮች እርስ በርስ ይቃረናሉ የሚለውንም ሐሳብ ይተዉት። ሦስት ገቢር ታሪኩን በትልልቁ ይቆርጠዋል፤ ሩብ ያህሉ መግቢያ፣ ግማሽ ያህሉ ትግል፣ የቀረው ሩብ መፍቻ ነው። 15ቱ ነጥቦች ያንኑ ርዝመት በትንንሹ የሚከፋፍሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከሦስቱ ገቢሮች በአንዱ ውስጥ ቦታ አላቸው። የጀግናው ጉዞ ከአፈ ታሪክ ጥናት የመጣ ስለሆነ ከለመደው ዓለም ወጥቶ፣ ተፈትኖ፣ ተለውጦ ለሚመለስ ሰው ታሪክ ይመቻል። አንድ ቤት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ለሚያልቅ የባልና ሚስት ድራማ ግን ከ12ቱ ደረጃዎች በአንዱ የሚመጣውን መካሪ «ሽማግሌው የቱ ነው?» እያሉ መፈለግ ጊዜ ማቃጠል ነው።

ሦስት ገቢርን ብዙ ሰው የአርስቶትል ነው ይላል። አርስቶትል ስለ ገቢር አልጻፈም። ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እንዲኖረው፣ እያንዳንዱም ድርጊት ከፊተኛው ድርጊት የግድ ወይም እንደሚጠበቀው እንዲወለድ ነው የጠየቀው። ድራማን ደግሞ በሁለት ይከፍለዋል፤ መቋጠርና መፍታት። ለጀማሪ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ይህ ይበጃል፤ ምን ተቋጠረ? ማን ቋጠረው? በምን ይፈታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአጭሩ መመለስ የቻለ ደራሲ መታጠፊያው ገጽ ስንት ላይ እንደዋለ ብዙም አያስጨንቀው።

ገጽ 25 የሚባለው ቁጥር አማካይ ነው። ስሌቱ የመጣው በኩሪየር ፊደል በ12 ነጥብ መጠን፣ በመደበኛው የስክሪፕት አቀማመጥ የተጻፈ አንድ ገጽ በስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል ከሚለው ልማድ ነው። የ100 ደቂቃ ፊልም ሩቡ 25 ነው፣ በቃ። መታጠፊያው ገጽ 19 ወይም 31 ላይ ቢውል የሚፈርስ ነገር የለም፤ ገጽ 45 ላይ ከዋለ ግን ተመልካቹ ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ሳያውቅ ግማሹን ሊጨርስ ነው። ደግሞም ያ ልማድ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል አንድ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ንግግር ይበዛል፤ በአማርኛ የተጻፈ 90 ገጽ ከ90 ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ገጽ አይቁጠሩ። አሥር ገጽ ይምረጡ፣ ንግግሩን ጮክ ብለው፣ ድርጊቱን በዓይነ ሕሊናዎ እያዩ በሰዓት ይለኩትና የራስዎን አማካይ ያውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ። ጀማሪዎች መታጠፊያ የሚሉት ብዙ ጊዜ ክስተት ነው። አባት ሞተ፣ ከሥራ ተባረረች፣ ደብዳቤ መጣ። ክስተት በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። መታጠፊያ ግን ሰውየው በደረሰበት ነገር የተነሳ የሚወስነው፣ ከወሰነ በኋላም ወደ ነበረበት መመለስ የማይችልበት እርምጃ ነው። በምሳሌ እንየው።

አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ የሌሊት ተረኛ ናት። ሊነጋ ሲል የሁለት ሰዎችን የደም ናሙና መለያ አቀያይራ እንደለጠፈች ትደርስበታለች። የታመመው ሰው «ጤነኛ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ይህ ክስተት ነው፤ ገጽ 10 ወይም 12 ላይ ሊውል ይችላል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ሴትዮዋን ያስጨንቃታል። ታለቅሳለች፣ ለጓደኛዋ ታወራለች፣ የልጅነቷን ታስታውሳለች፣ ከባሏ ጋር ትጣላለች። እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው ሲታይ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቅደም ተከተላቸውን ብናቀያይር ግን ታሪኩ ምንም አይሆንም። የታሪኩን ሕመም የሚያጋልጠው ምልክት ይህ ነው። ገጽ 40 ላይ እንባውም ወሬውም ያልቅና ደራሲው ባዶ ገጽ ፊት ይቀመጣል።

በዚሁ መነሻ ላይ ውሳኔ እንጨምር። ለኃላፊዋ ብትናገር የሙያ ፈቃዷን እንደምታጣ ታምናለች። ስለዚህ ሰውየውን ራሷ ፈልጋ፣ ሌላ ምክንያት ሰጥታ፣ ለድጋሚ ምርመራ ልታመጣው ትወስናለች። አድራሻውን ለማግኘት እንድትገባ ወደማይፈቀድላት መዝገብ ትገባለች። መታጠፊያው ይህ ነው። እስካሁን የሠራችው ስህተት ነበር፤ ከአሁን በኋላ ያለው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ደራሲው ብዙም መቸገር የለበትም፤ ውሳኔዋ ራሱ ይወልድለታል። መዝገቡ በየትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት እንደተከፈተ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ኃላፊው ይጠይቃታል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩን ሳልዘጋው ወጥቼ ነበር» ብላ ትዋሻለች። ውሸቱ ያድናታል፤ ነገር ግን በዚያ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ ባልደረባዋ ብቻ ስለሆነ ጥርጣሬው እሱ ላይ ይወድቃል። ሰውየውን ታገኘዋለች፤ ነገር ግን ከስጋት የተገላገለ ሰው ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት ዳግመኛ መርፌ አልወጋም ይላታል።

አጋማሹ ላይ ሲደርስ ታሪኩ ራሱ ያቆየው አንድ ነገር አለ። ሁለት ናሙና ከተቀያየረ የተጎዳው ሁለት ሰው ነው። እሷም ተመልካቹም አንዱን በመከተል ተይዘው ሌላዋን ዘንግተዋታል። «ታመሻል» የተባለችው ጤነኛ ሴት የማያስፈልጋት ከባድ ሕክምና እንደተጀመረላት ትሰማለች። ግቧ አልተቀየረም፤ ስህተቱን ማረም ነው። የሚያስከፍላት ዋጋ ግን ተቀየረ፤ ሕክምናውን ማስቆም የሚችለው ሐኪሙ ብቻ ነው፣ ለሐኪሙ መናገር ደግሞ ማመን ማለት ነው። መካከለኛ ነጥብ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በውስጡ የነበረው ነገር ወጥቶ ሁሉንም ያከብደዋል፤ ከውጭ የመጣ ድንገተኛ አደጋ ቢሆን ኖሮ ግን ተመልካቹ ደራሲው እንደጨነቀው ይነቃበታል። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ባልደረባዋ ከሥራ ይታገዳል፤ አሁን ዝም ካለች ለራሷ ድናለች። ጡዘቱ፣ ማለትም ትግሉ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ እንግዲህ አንድ ወረቀት ላይ ይወርዳል፤ ስለዚያ ሌሊት በምትሰጠው የጽሑፍ ቃል ላይ የማንን ስም ትጽፋለች? ቋጠሮውን የቋጠረችው በራሷ እጅ ስለሆነ ፍቺውም እጇ ላይ ነው።

ይህን ሰንሰለት ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ትዕይንቶችዎን በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፏቸውና በየሁለቱ መካከል ማያያዣ ያስገቡ። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ከገባ ደህና ነው። የሚገባው «ከዚያ ደግሞ» ብቻ ከሆነ እነዚያ ሁለት ትዕይንቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ አልተያያዙም። አንድ ሁለት ቦታ ቢገኝ ምንም አይደለም፤ ሁለተኛ የታሪክ መስመር ሲጀመር የግድ ይሆናል። ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ከመጣ ግን ተመልካቹ ስልኩን የሚያወጣው እዚያ ነው።

ግጭት የሚለውን ቃልም ብዙዎች እንደ ጭቅጭቅ ይረዱታል። ሁለት ሰዎች ለአምስት ገጽ ቢጯጯሁና ሲጨርሱ አቋማቸው እንደነበረ ከሆነ ግጭት አልነበረም፣ ጩኸት ነበር። ግጭት ማለት የአንዱ ፍላጎት እንዲሳካ የሌላው መክሸፍ ሲኖርበት ነው፤ በሹክሹክታም ይሆናል። የሚቋቋመው ሰው ክፉ መሆን የለበትም። በምሳሌያችን ኃላፊው ሥራውን በትክክል የሚሠራ፣ ታማሚዎቹን የሚያስብ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ከክፉ ባላጋራ ይልቅ ያስጨንቃታል፣ ምክንያቱም ልትጠላው አትችልም። ፍላጎቱም በካሜራ የሚታይ መሆን አለበት። «ሰላም ትፈልጋለች» ወይም «ራሷን ትፈልጋለች» ለልብ ወለድ ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ለፊልም ግን ተሳካ ወይም አልተሳካም ብለን የምናይበት ተጨባጭ ነገር ያስፈልጋል። ሰውየውን ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ወደ ምርመራ ክፍል ማስገባት ይታያል። ሰላሙ በዚያ ውስጥ ይኖራል።

ሁለተኛው ገቢር የሚያስፈራው 50 ወይም 60 ገጽ በአንድ ጊዜ ስለሚታሰብ ነው። ለዚህ የሚበጀው መሣሪያ ፊልሙን በስምንት ምዕራፎች መክፈል ነው፤ ሁለቱ ለመጀመሪያው ገቢር፣ አራቱ ለሁለተኛው፣ ሁለቱ ለሦስተኛው፣ እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ይህ አከፋፈል ከፊልም ጥቅል ጋር ይያያዛል፤ አንድ ባለ 1000 ጫማ የ35 ሚሊሜትር ጥቅል በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታይ 11 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ጥቅሉ በአብዛኛው ቀርቷል፣ የአከፋፈሉ ጥቅም ግን አለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይይዛል፤ አድራሻውን ታገኛለች ወይ? ሰውየውን ታሳምነዋለች ወይ? ባልደረባዋን ሳታስነካ ሴትዮዋን ታድናለች ወይ? የአንዱ ምዕራፍ መልስ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይወልዳል። 60 ገጽ መጻፍ የማይቻለው ሰው አራት ጊዜ 15 ገጽ መጻፍ አያቅተውም። ለጀማሪ ሦስት ገቢርን ከስምንት ምዕራፍ ጋር አጣምሮ መያዝ በቂ ነው ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ 15ቱንም 12ቱንም ቢያንስ አንድ ሙሉ ረቂቅ እስኪጨርሱ ያቆዩዋቸው።

አወቃቀር በማንበብ ይታወቃል፤ የሚለመደው ግን ፊልም በመፍታት ነው። አንድ ጊዜ ያዩትን፣ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ የሆነ፣ አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ ያለው ፊልም ይምረጡ። ወረቀት ይዘው፣ እያቆሙ፣ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር ይጻፉ፤ የጀመረበት ደቂቃ፣ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ ሲያልቅ ምን ተቀየረ። አራተኛው ነገር ነው ከባዱም ዋናውም። ብዙ ፊልሞች ከ40 እስከ 70 መስመር ይወጣቸዋል፣ ሥራው አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ቀንሰው የቀረውን ርዝመት ለአራት ያካፍሉ። ፊልሙ 104 ደቂቃ ከሆነ 26፣ 52 እና 78ኛው ደቂቃ ዙሪያ አምስት አምስት ደቂቃ ግራና ቀኝ ይመልከቱ፤ እዚያ አካባቢ ማን ምን እንደወሰነ ይጻፉ። አንዳንዱ ላይ ምንም አያገኙም፤ ያኔ ፊልሙን ወደ ቁጥሩ አያስገድዱት፣ መታጠፊያው የት እንደሄደና ለምን እንደሄደ ይጠይቁ። አምስት ፊልም በዚህ መንገድ ይፍቱ፤ አንዱ የሰለቸዎት ፊልም ይሁን። የትኛው መስመር ላይ «ምን ተቀየረ» ለሚለው መልስ እንዳጡ ሲያዩ የሰለቸዎት ለምን እንደሆነ በዓይንዎ ያገኙታል፤ የራስዎ ገጽ 40 ላይ የሆነውም ያው ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። ከኢንተርኔት የሚገኙ ብዙ «ስክሪፕቶች» ፊልሙ ከወጣ በኋላ ንግግሩን እየሰሙ የተገለበጡ ናቸው። ውስጥ ወይም ውጭ፣ ቀን ወይም ሌሊት የሚል የትዕይንት ርዕስ ከሌላቸውና ድርጊት ካልተጻፈባቸው ለአወቃቀር ጥናት አይረቡም። እውነተኛ ስክሪፕት ቢያገኙም ከፊልሙ ጋር ልዩነት ይኖረዋል፤ አርትዖት ላይ የወጡ ትዕይንቶችን ማየት በራሱ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ረጅም ፊልም አይመለሱ። ሁለት አጫጭር ስክሪፕቶች ከ7 እስከ 10 ገጽ ይጻፉ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ፍላጎት፣ አንድ ውሳኔ፣ ለውሳኔው የተከፈለ ዋጋ። አጭሩ የሚያስተምርዎት ሦስት ጊዜ ሞክረው ያላገኙትን ነገር ነው፤ መጨረስን። ሦስት መግቢያ የጻፈ ሰው መግቢያ መጻፍን ብቻ ነው የተለማመደው። መጨረሻን ሳይጽፉ መጀመሪያው ትክክል መሆኑን ማወቅ ደግሞ አይቻልም፣ ምክንያቱም መጀመሪያው የሚመዘነው በሚፈታው ነገር ነው።

ለረጅሙ ሲደርሱ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ጡዘቱን ይወስኑ፤ ማን ፊት ለፊት ቆሞ ምን ይመርጣል? ሙሉ መልስ ባይኖርዎትም ጊዜያዊ መልስ ይኑርዎት፣ በኋላ ይቀየራል። ቀጥሎ ስምንቱን ምዕራፎች በአንድ ገጽ ላይ፣ እያንዳንዱን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከዚያ ወደ ካርድ ይሂዱ፤ ከ40 እስከ 60 ካርድ፣ በአንድ ካርድ አንድ ትዕይንት፣ ፊቱ ላይ የሚሆነው፣ ጀርባው ላይ የሚቀየረው። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ ይወጣል ወይም ከሌላ ጋር ይዋሃዳል። ካርዶቹ «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» የሚለውን ፈተና ካለፉ በኋላ ንግግር መጻፍ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በፊት አይደለም። በቀን ሦስት ገጽ ከጻፉ 100 ገጽ በ34 ቀን ይሞላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሰው አያርሙ፤ መቀየር ያለበትን ማስታወሻ ይዘው እንደተቀየረ ቆጥረው ይቀጥሉ። የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች አሥር ጊዜ ማሳመር ከገጽ 40 መሸሻ ነው፤ ብዙ ጥሩ ጸሐፊ የቀረው እዚያ ነው።

ረቂቁን ሲያስነብቡ «ምን ላስተካክል?» ብለው አይጠይቁ። አንባቢ የሰለቸበትን ቦታ በትክክል ያውቃል፤ መድኃኒቱን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «የት ገጽ ላይ አቆምክ? የት ግራ ገባህ?» ይበሉ። የተጠቆመው ገጽ 60 ከሆነ ምክንያቱን ከ60 በፊት ይፈልጉ።

አወቃቀር የማይሠራውም አለ። አሰልቺ ሰው አስደሳች አያደርግም፣ ንግግር አይጽፍልዎትም፣ የሚሉት ነገር ከሌለዎት አይፈጥርልዎትም። ሁሉም ፊልም በዚህ አይገዛም፤ ብዙ እኩል ገጸ ባሕርያት ያሉት፣ በክፍል በክፍል የተሰናሰለ፣ ወይም በምሥራቅ እስያ እንደሚታወቀው አራት ደረጃ ያለው፣ ከግጭት ይልቅ ሦስተኛው ክፍል ላይ በሚመጣ ያልተጠበቀ ዙር የሚቆም የታሪክ ዓይነት አለ። ተከታታይ ድራማም የራሱ ሒሳብ አለው፤ መፍታትን ያዘገያል። እነዚህን መጻፍ ከፈለጉ መብትዎ ነው፤ ነገር ግን ገጽ 40 ላይ የቆመን ታሪክ «እኔ ሕጉን ጥሼ ነው» ብሎ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

ስለ ሦስቱ ጅምር ስክሪፕቶችዎ ምክሬ ይህ ነው። ሁለቱን ይዝጉና መሳቢያ ውስጥ ያስገቡ፤ ዛሬም ስለ መጨረሻው የሚያስቡበትን አንዱን ያስቀሩ። ገጽ 25 ላይ ያዋሉትን መታጠፊያ ያውጡና ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ ወሳኙ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው? በማግስቱ ሐሳቡን ቢቀይር ያለ ኪሳራ መመለስ ይችላል? የመጀመሪያው መልስ «አይደለም»፣ ወይም የሁለተኛው «ይችላል» ከሆነ ሌላ ቦታ አይንኩ፣ መታጠፊያውን ብቻ እንደገና ይጻፉት። አምስቱን ፊልሞች ፈትተው፣ ሁለቱን አጫጭር ስክሪፕቶች ጨርሰው ካርዶቹ እስኪሞሉ ድረስ ደግሞ ገጽ 41ን አይጀምሩ።